አራስ እህቴና የአንጎል ሞገድ ማሽን፦ ሐዋሳ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ሰኞ ማታ ነው። ዛሬ ዓርብ መልሱ 19 ደርሷል። አዲስ የምትገቡ ሰዎች ከላይ ጀምራችሁ ለማንበብ ጊዜ አይኖራችሁም። ስለዚህ ጥያቄዬንም የመጣውንም መልስ በተራ አሰፍርላችኋለሁ። የሰው ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ የጻፈው በጣም የግል ነው። በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ።

የመክፈቻ ጥያቄዬ

ታናሽ እህቴ ከወለደች ሰባት ሳምንት ሆናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ወንድ። ምጡ ቢበረታባትም በሰላም ተገላገለች። እናታችን ከይርጋለም መጥታ አረሰቻት። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የዶሮ ሾርባው አልተጓደለም። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚል ሰው ከደጅ አልጠፋም። እሷ ግን የለችም። አልጋው ላይ ተቀምጣ እንኳ የለችም።

አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ገንፎው ፊቷ ቀርቧል። መሃሉ ላይ የፈሰሰው ቅቤ ከነበርበሬው ረግቶ ዳር ዳሩ ነጥቷል። ማንኪያውን ይዛለች። አትበላበትም፣ አታስቀምጠውም። ልጁ አጠገቧ ያለቅሳል። ቀና ብላ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው ብላ ጠየቀችኝ። የጎረቤት ልጅ ይመስል። ሌሊት ደግሞ እሱ ተኝቶም እሷ አትተኛም። ጣሪያውን ታያለች።

እናቴ ዓይነ ጥላ ነው አለች። ባሏ ድካም ነው አለ። ለ45 ቀን ክትባት ስትሄድ ልጁ ተመዘነ፣ ተወጋ፣ ካርዱ ላይ ተጻፈለት። እሷን እንዴት ነሽ ያላት ሰው የለም። አብሬያት ስለነበርኩ አይቻለሁ።

አሜሪካ ያለችው የአክስታችን ልጅ ናት ስለ ኒውሮፊድባክ የነገረችኝ። ጓደኛዋ ከወለደች በኋላ ድብርት ይዟት በዚህ ተሽሏታል። ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ የሚባል የሽቦ ጫፍ ይለጠፋል፣ የራስሽን የአንጎል ሞገድ ስክሪን ላይ እያየሽ አንጎልሽን ታለማምጂዋለሽ፣ መድኃኒት የለውም። ለአንዱ ቀን 150 ዶላር ከፍላለች። እህቴ ታጠባለች፣ ክኒን ትፈራለች። ልቤ ወደ ማሽኑ ሄደ። ቤተሰብ አዋጥቶም ቢሆን እናደርገዋለን። ይሠራል ወይ? እዚህ የሚያውቀው ሰው አለ ወይ? ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው እህቴን መረቀልኝ። ቀጥሎ አስጠነቀቀኝ። አንጎል ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ እንደሆነ ነው የገባው። አንድ ዘመዱ በኤሌክትሪክ ታክሞ ለሳምንታት የቅርብ ነገር ይረሳ ስለነበር፣ አራስ ላይ እንዳይሞከር ለመነኝ። በቅን ልብ ነው የጻፈው፤ ግን ሁለት የተለያየ ሕክምና ተምታቶበታል።

መልስ 2

ይሄን ያስተካከለው የሥነ አእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሐኪም ነው። ረጅም ጽፏል፤ እኔም እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ የገባኝ በእሱ ነው።

ኤሌክትሮዱ ምንም አይልክም። ያዳምጣል እንጂ። አንጎል ራሱ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ አለ፣ የሚለካውም በቮልት ሚሊዮንኛ ነው። የሰውን ይህን ሞገድ መጀመሪያ የቀዳው ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ነው፣ የና በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1924። ለዓለም ያሳወቀው በ1929 ነው። በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለሰውን ሞገድ አልፋ አለው። ዓይናችንን ስንጨፍን ይበረታል።

ከዚያ ቺካጎ ውስጥ ጆ ካሚያ የሚባል ተመራማሪ ሰዎች አልፋቸው መቼ እንደመጣ ሲነገራቸው ቀስ በቀስ ራሳቸው እንደሚለዩት፣ ከዚያም እንደሚያመጡት አሳየ። በ1960ዎቹ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባሪ ስተርማን ድመቶችን አለማመደ። በሰከንድ ከ12 እስከ 15 የሚመላለስ ሞገድ ሲያወጡ ወተትና የዶሮ ሾርባ ይሰጣቸዋል። ቆይቶ እነዚያው ድመቶች የሚጥል በሽታ ለሚያስነሳ የሮኬት ነዳጅ ሲጋለጡ ከሌሎቹ የተሻለ ተቋቋሙት። ኒውሮፊድባክ ሕክምና ሊሆን ይችላል የሚለው ተስፋ የመጣው ከዚህ ነው። (የድመቶቹን ነገር ለእህቴ ስነግራት ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ። ለስንት ቀን ያላየሁትን።)

ለድብርት ሲሆን ግንባር ላይ በግራና በቀኝ ይለጠፋል። ሐሳቡ የተደበረ ሰው የግራው የፊት አንጎሉ ከቀኙ ያነሰ ይሠራል የሚል ነው። ሰውየው ፊልም ያያል። ሞገዱ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ሲሄድ ስክሪኑ ይደምቃል፣ ሲመለስ ይደበዝዛል። እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ቀን፣ በየቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ያህል።

ችግሩንም አልደበቀም። የግራና ቀኝ ልዩነቱ የተደበረውን ካልተደበረው አይለይም። ብዙ ጥናት አንድ ላይ ሲታይ ያ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ደግሞ ትኩረት የሚያጡ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን በእውነተኛው፣ ሌላውን በማስመሰያ ማሽን አለማመደ። ሁለቱም ተሻላቸው። እኩል። ለወለዱ እናቶች የተሠራው ጥናት ደግሞ ጥቂት ነው፣ ያለውም ትንንሽ ነው። ጉዳቱ አነስተኛ ስለሆነ ገንዘብና ጊዜ ያላት በሌላው ሕክምና ላይ ብትጨምረው እንደማይቃወም፣ በሌላው ፋንታ ግን ፈጽሞ እንደማይመክር ጽፎ ጨረሰ።

መልስ 3

ክትባት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ስለ ማሽኑ አንድ ቃል አልጻፈችም። እህቴ ተጠይቃለች ወይ ነው ያለችው።

ከወሊድ በኋላ ድብርት መኖሩን የሚያጣራ የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ስኮትላንድ ውስጥ የወጣ። አሥር ጥያቄ ነው። ያለፉትን ሰባት ቀናት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ጠቅላላው 30። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝቅ ብሎ እሱ ብቻ ከፍ ቢል እንኳ እናትየው በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለባት።

ከወለዱ በሦስተኛው አራተኛው ቀን ማልቀስ፣ ሆድ መባስ ብዙዎች ላይ ይመጣል። ያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ስሙ ሌላ ነው። ሌላም ያስጠነቀቀችው ነገር አለ። ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ደም ማነስ ሊኖራት ይችላል። ከወሊድ በኋላ የእንቅርት ዕጢዋ ሥራ የሚዛባባትም አለች። ሁለቱም ድብርት ይመስላሉ፣ በደም ምርመራ ይታያሉ።

መጨረሻ ላይ እኔ ስለ ክትባቱ ቀን የጻፍኩት እንዳመማት ነገረችኝ። በአንድ ጠዋት ብዙ ሕፃን ይሰለፋል። እሷም ስንቷን እናት ልጇን ብቻ አይታ እንዳሳለፈች መቁጠር አልቻለችም። ይሄን መጻፍ ቀላል አይደለም። አከበርኳት።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ወንድማችን ይሄ ሁሉ የቅምጥል በሽታ ነው አለ። እናቶቻችን አሥር ወልደው በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ሄደዋል። የዘንድሮ ሴት ስልክ ላይ እየዋለች ነው የሚደብራት። ከዚህ የባሰም ቃል ነበረው፣ እዘለዋለሁ።

መልስ 5

የመለሱለት ሰባት ልጆች የወለዱ እናት ናቸው። ልጃቸው እየጻፈላቸው እንደሆነ መጀመሪያ ላይ አስታውቀዋል። ቁጣ የለባቸውም። አራተኛ ልጃቸውን ወልደው ውሃ ሊቀዱ ወርደው፣ እንስራውን ሞልተው፣ መሸከም አቅቷቸው ሳይሆን ለምን እንደሚሸከሙት ጠፍቷቸው እስኪመሽ እዚያው ተቀመጡ። ስም አልነበረውም። ሰው ሰነፈች አለ። ስምንት ወር እንዲያ ነበሩ። ያ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን የመጀመሪያ ፈገግታውን አያስታውሱም። ወፍጮ ቤትም የሄዱት ደህና ስለነበሩ ሳይሆን የሚሄድላቸው ስለሌለ ነው።

መልስ 6

ኒውሮፊድባክን ራሷ የሞከረች ሴት መጣች። የሐዋሳ ልጅ ናት፣ አሁን ውጭ ነው የምትኖረው። 22 ቀን ሄዳለች። ለኤሌክትሮዱ የሚቀባው ጄል ፀጉሯን እንዴት እንደሚያጣብቀው፣ ስትመለስ ሹሩባዋን በሙቅ ውሃ እያጠበች እንዴት እንደምታማርር ሁሉ ጽፋለች። እንቅልፏ ተስተካከለ። ጭንቀቷ ረገበ። ግን በዚያው ጊዜ ሰርትራሊን የሚባለውን የድብርት ክኒንም ትወስድ ነበር። በሳምንት ሁለቴ ለግማሽ ሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፣ ልጁን ሌላ ሰው ይይዝላታል። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ልጅም ሁልጊዜ ሳትጀምር በፊት እንዴት አደርሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ ትላታለች። ያዳናት የትኛው እንደሆነ መለየት አትችልም። ማሽኑን አላጣጣለችም። አላሞገሰችውምም። እኔ ይሄን መልስ ሦስቴ አነበብኩት።

መልስ 7፣ 8፣ 9

ሰባተኛው ሻጭ ነው። ጭንቅላት ላይ የሚታሰር፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ አለው። በሁለት ሳምንት ከድብርት እንደሚያወጣ ማረጋገጫ ሰጠ፤ ዋጋውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ጻፍኩለት። የተጨነቀ ሰው ምን የማያደርገው አለ።

ስምንተኛው ሐኪሙ ነው። ያ ትሁት ልጅ ተቆጣ። እቤት ለማሰላሰያ የሚሸጥ መሣሪያ በሐኪም እጅ ያለ ሕክምና አይደለም፣ የታመመች እናት ላይ በማረጋገጫ መነገድም ነውር ነው አለ። ስለ ክኒን ፍርሃትም እዚሁ አነሳ፦ ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለምታጠባ እናት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ግን።

ሻጩ በዘጠነኛው ተመልሶ ሐኪሞች ገበያቸው ስለሚቀርባቸው ነው የሚጮኹት አለ። ነርሷ ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጠች፦ ለአሥረኛው ጥያቄ አዎ ያለች እናት ያንን መሣሪያ ስታስር መሣሪያው ምን ያደርጋል? እስከ አሁን አልመለሰም። እኔም ዋጋውን ሲልክልኝ ተውኩት።

መልስ 10

የመልስ 4 ወንድማችን ነው የተመለሰው። የመልስ 5ን እናት እናቴ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። የራሱን እናት ደውሎ ጠይቋት ኖሯል። ምን እንደመለሰችለት አልጻፈም።

መልስ 11 እና 12

አንዲት እህት ጸበል ውሰዷት አለች። የሚቀጥለው ሰው ክፉኛ ሰደባት፣ ኋላ ቀርነት ምናምን እያለ። እኔ በዚህ ተናድጃለሁ። እናቴም የምትለው ጸበል ነው፣ እናቴ ደግሞ ኋላ ቀር አይደለችም፤ ልጇን የምታድንበት ሌላ መንገድ ማንም አላሳያትም።

መልስ 13

ዲያቆን የሆነ ሰው ሁለቱን አስታረቀ። አራስ ከክርስትናው ቀን በፊት ቤት ስለምትቆይ፣ ወንድ ከሆነ 40 ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ጭንቀቷን ከቤት ሰው በቀር የሚያይ የለም። ከዚያ በኋላ ጸበሉም ይጠጣል፣ ሐኪም ቤትም ይኬዳል፣ መድኃኒቱም አይቋረጥም። ለእናቴ ያነበብኩላት ይህን ነው። ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግስቱ ለሐኪም ቤት ነጠላዋን ቀድማ የለበሰችው እሷ ናት።

መልስ 14

የሲዳማ ልጅ ናት፣ ሁላችንንም ገሠጸችን። ስለ መጠይቅ ስታወሩ በምን ቋንቋ ነው? ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ እናት አማርኛዋ ገበያ የሚያደርስ ነው፤ ሆዷን የምትናገረው በሲዳምኛ ነው። በትርጉምም ቢሆን ጣጣ አለው። መጠይቁ ውስጥ ያለችው አንዷ አባባል እንዳለች ከእንግሊዝኛ ከተገለበጠች ነገሮች እላይሽ ላይ ይወጣሉ ወይ የምትል ትሆናለች። ማነው ምን ይወጣብኛል የማይል? ልክ ናት።

መልስ 15

ከዚህ ወጣን። አንዱ ለአራስ ከገንፎ ይልቅ በቅቤ የታሸ የእንሰት ዋሳ ይበልጣል አለ፣ ሌላው ከሥር በሥር የአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ብሎ ተከራከረ፣ የባጃጅ ዋጋም ተነሳ። ውጭ ያለችው የመልስ 6 ሴትም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የጸደቀውን፣ ለ14 ቀን ብቻ የሚዋጠውን፣ ዙራኖሎን የሚባለውን የወለዱ እናቶች የድብርት ክኒን አነሳች። ተውጦ 12 ሰዓት ሳይሞላ መኪና አይነዳም አሉ።

መልስ 16

ወደ ጉዳዩ የመለሰን የማኅበረሰብ ጤና ያስተማረ ሰው ነው። በፓኪስታን ገጠር፣ ራዋልፒንዲ አካባቢ፣ እንደ እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶች ድብርት ያለባቸውን እናቶች ቤታቸው እየሄዱ እንዲያነጋግሩ ሠለጠኑ። ሐኪም አይደሉም። ማሽን የላቸውም። እናትየው ስለራሷ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ሰዎቿ የምታስበውን አብረው እየፈተሹ ትንንሽ ሥራ ይሰጧታል። 903 እናቶች ናቸው የተሳተፉት። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ድብርቱ ያልለቀቃቸው፣ እንዲህ ከተነጋገሩት 23 በመቶ፣ ካልተነጋገሩት 53 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 መመሪያ አድርጎ አሳተመው።

እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ከጀመርን ከ20 ዓመት በላይ ሆነን። በር የምታንኳኳ ሴት በየቀበሌው አለችን። እኔ ግን 150 ዶላር ስፈልግ ነበር የሰነበትኩት።

መልስ 17

ረቡዕ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት እናት ጻፈች። ያን ቀን ማታ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሄዳ፣ ውሃውን እያየች ብዙ እንደቆመች። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ነርሷ ወዲያው አገኘቻት። አብሯት ማን እንዳለ ጠየቀቻት፣ ስልኩን ለባሏ እንድትሰጠው አደረገች፣ ብቻዋን እንዳትተው፣ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል እንዲወስዷት ነገረችው። ጠዋት ባልየው ሐኪም ቤት መሆናቸውን ጻፈ። ያን ሌሊት ክሩን ይዘን ያደርነው ብዙ ነን።

መልስ 18

ሐኪሙ እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፣ እባካችሁ ለሰው ንገሩት። ከሺህ እናቶች አንድ ወይም ሁለት ላይ የሚመጣ ሌላ ሕመም አለ። በወለደች በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌሊቶቹን ሳትተኛ ፋታ ታጣለች፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፣ ልጁ የእኔ አይደለም ትላለች። ይህ ድብርት ብቻ አይደለም። ቀጠሮ አይጠበቅለትም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

የእህቴንም ልንገራችሁ። ሐሙስ ሄድን። አሥሩን ጥያቄ ተጠየቀች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ማልቀስ ጀመረች፣ እናቴም አብራት። ውጤቷ 17 ሆነ። ደሟ ተመርምሮ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ አይረን ታዘዘላት። በየሳምንቱ ማክሰኞ የምታነጋግራት ባለሙያ አገኘን። ስለ ክኒኑ ገና እየተነጋገሩ ነው። ማሽኑን ለጊዜው አቆይተነዋል።

መልስ 19

ዛሬ ጠዋት የገባ ነው። ፋብሪካ ትሠራ የነበረች ልጅ ናት፣ ከሩቅ አገር መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ የምትኖር። ከወለደች አምስት ሳምንቷ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ባሏ የተሰጠው ሦስት ቀን ነበር፣ አልቋል። የሚያርሳት ሰው የለም። ከላይ ያለውን ሁሉ እንዳነበበች፣ የድመቶቹን ታሪክ እንደወደደችው ጻፈች። የጤና ኤክስቴንሽኗ እስክትመጣ እየጠበቀች ነው።

ነርሷና እኔ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ልንሄድ ተስማምተናል። ገንፎ ልሥራልሽ ብዬ ጻፍኩላት። ገንፎ አልፈለገችም። ልጁን ይዘንላት ሁለት ሰዓት እንድትተኛ ነው የጠየቀችን።